ትዕግሥት ዝምታ ነውን?



በአገራችን ስለ ትዕግሥት የተነገረው ምሳሌ ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዱ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ነው። ይህን አባባል ረጋ ብለን ስንመረምረው አንድ ነገር እናገኛለን፤ ይኸውም ታገሥ የተባለው ወንዱ መሆኑ ነው። ልጅ ዘገየብኝ ብሎ ወደ ሌላ ሴት እንዳያማትር፣ ጊዜን እንዲጠብቅ የተመከረው ባልየው ነው። በየቤቱ «ታገሺ»፣ «ቻዪው»፣ «ለልጆችሽ ስትዪ» እየተባለች የምትመከረው ግን ሚስት ናት። ምክሩ ለአንዱ ተነግሮ ሸክሙ በሌላው ትከሻ ላይ እንዴት እንዳረፈ መጠየቅ ይገባናል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው። ትዕግሥት ምንድን ነው? የተበደለ ሰው ዝም ባለ ጊዜ ታገሠ ይባላልን? ተበድያለሁ ብሎ የተናገረ፣ ወይም የተበደለበትን ቤት ትቶ የወጣስ ትዕግሥት የጎደለው ነውን? ይህን ጥያቄ እንዲሁ በደፈናው ከማንሣት አንድ መጽሐፍ ይዘን ብንወያይበት ይሻላል ብለን በሴኔጋላዊቷ ደራሲ በማርያማ ባ የተጻፈውን፣ የሁለት ጓደኛሞችና በዙሪያቸው ያሉ ሴቶች ሕይወት የተሳሰረበትን ልብ ወለድ መርጠናል።

ማርያማ ባ እ.ኤ.አ. በ1929 በዳካር ተወለደች። የእስልምና ሥርዓት በጸናበት ቤት በአያቶቿ እጅ አደገች፤ ሆኖም አባቷ ትምህርት እንድትማር በብርቱ ይሻ ስለነበር ትምህርት ቤት ገባች። በሩፊስክ ከነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታም መምህርት ሆነች። ዘጠኝ ልጆች የወለደች፣ ትዳሯም በፍቺ ያበቃ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1979 በፈረንሳይኛ ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እንዲህ ያለ ረጅም ደብዳቤ» እንደ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1980፣ ይኸው መጽሐፍ በአፍሪካ ለታተሙ ሥራዎች ይሰጥ የነበረውን የኖማ ሽልማት ከሁሉ አስቀድሞ ያገኘ ሆነ። ደራሲዋ ግን በ1981፣ ሁለተኛው ልብ ወለዷ ታትሞ ሳታየው ዐረፈች።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሓፊዋ ራማቱላዬ የምትባል መምህርትና የ12 ልጆች እናት ስትሆን፣ የምትጽፈው አብሮ አደጓ ለሆነችው ለአይሳቱ ነው። የራማቱላዬ ባል ሞዱ ፋል በቢሮው ሳለ በልብ ድካም በድንገት ሞቶአል። በእስልምና ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ኀዘን ትቀመጣለችና፣ ራማቱላዬ በዚህ ጊዜ ከቤት ሳትወጣ ያለፈውን ሕይወቷን እያሰላሰለች ትጽፋለች። ለውርስ ሲባል የሟቹ ንብረትና ዕዳ በይፋ ሲቈጠር፣ ሞዱ በሕይወቱ ሳለ የሸሸገው ሁሉ አንድ በአንድ ይገለጣል። ባልና ሚስቱ ከደመወዛቸው አጠራቅመው በጋራ የገዙት ቤት በእሱ ስም ብቻ ተመዝግቦ ኖሮ፣ ያንኑ ቤት በመያዣነት አስይዞ ገንዘብ ተበድሮበታል። በተበደረውም ገንዘብ ለሌላ ሴት ቪላ ገዝቶበታል።

ይህች ሌላ ሴት ማን ናት? ቢንቱ ትባላለች። የራማቱላዬ የመጀመሪያ ልጅ የዳባ የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። ዳባና ቢንቱ አብረው ሲያጠኑ፣ ቢንቱ ልብስ ስለሚገዛላት ስለ አንድ ሽማግሌ ታወራ ነበር። ይህንንም ዳባ ለእናቷ ባጫወተቻት ጊዜ፣ ራማቱላዬ ልጅቱ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ መከረች። ሽማግሌው የገዛ ባሏ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

የቢንቱ እናት ግን ድህነት ያንገፈገፋት ሴት ነበረችና ልጇን ለመነች፣ አለቀሰች፣ ተጫነች። ቢንቱም የመጨረሻውን ፈተና ሳትወስድ ከትምህርት ቤት ወጥታ የአባቷ እኩያ ለሆነ ሰው ተዳረች። መኪናውና ቪላው፣ ለእናትየውም የመካ ጉዞ በዚሁ ተገኘ።

ለራማቱላዬ ወሬው የደረሳት በሠርጉ ዕለት ነው። ከ25 ዓመት ጋብቻ በኋላ ሞዱ ራሱ መጥቶ አልነገራትም። ኢማሙን፣ ወንድሙን ታምሲርንና የቅርብ ወዳጁን ዶክተር ማውዶን ላከ። እነርሱም በክብር ለብሰው መጡ፣ ነገሩን እያዞሩ ተናገሩ፣ በመጨረሻም ሞዱ ሌላ ሚስት ማግባቱንና ይህም የአምላክ ፈቃድ መሆኑን አስረዱ። እርሷ መጀመሪያ ባሏ የሞተ መስሎአት ደንግጣ ነበር። እውነቱን በሰማች ጊዜ ግን የውስጧን በውስጧ ይዛ፣ ፈገግ ብላ፣ የሚጠጣ አቅርባ አመስግና ሸኘቻቸው።

በአይሳቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር የደረሰው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። አይሳቱ የወርቅ አንጥረኛ ልጅ ነበረች። በእኛም አገር የእጅ ሥራ የሚሠራውን በስድብ ስም መጥራት የኖረ ነውርና ነገሩን ለመረዳት አንቸገርም። ባሏ ያው ዶክተር ማውዶ ሲሆን፣ እናቱ አክስት ናቡ የነገሥታት ዘር ነኝ የምትል ሴት ናት። ልጇ የአንጥረኛ ልጅ ማግባቱን እንደ ውርደት ቈጠረችው። ዓመታት ቈይታ፣ ቂሟን አብስላ፣ ወደ ትውልድ አገሯ ሄደችና የወንድሟን ልጅ አመጣች። አሳድጋትም፣ አዋላጅነት አስተምራትም፣ በመጨረሻ ለልጇ ሰጠችው። ማውዶም «እናቴ እንዳትሞትብኝ» በሚል ሰበብ እሺ አለ፤ አይሳቱን እወዳለሁ እያለም አገባ። አይሳቱ አልጮኸችም። ለባሏ ደብዳቤ ጻፈችለት፤ አራት ወንዶች ልጆቿን ይዛም ወጣች። ከዚያም መጻሕፍትን ወዳጅ አድርጋ ተምራ፣ አስተርጓሚ ሆነች፤ በአሜሪካ በሚገኘው የአገሯ ኤምባሲም ተቀጠረች።

እነሆ፣ አንድ ዓይነት በደል ደርሶባቸው አንደኛዋ ቀረች፤ ሁለተኛዋ ሄደች። ከሁለቱ ትዕግሥተኛ የትኛዋ ናት? ብዙዎቻችን ሳናስብ የቀረችው ናት እንላለን። መጽሐፉ ግን እንዲህ በቀላሉ እንድንፈርድ አይተወንም።

በመጀመሪያ ራማቱላዬን እንመልከት። እርሷ የቀረችው መውጫ አጥታ አይደለም። ልጆቿ፣ በተለይም ዳባ፣ ተለዪው ብለው ጎትጉተዋታል። ደመወዝና የራሷ ሥራ ነበራት። ዕድሜዋን፣ ልጆቿንና ልቧን መዝና ለመቅረት የቈረጠችው ራሷ ናት። ሃይማኖቷ እንደሚያዘው ባሏን ከሌላይቱ ጋር በእኩልነት ለመካፈል ተዘጋጀች። ሞዱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቤቱ ተመልሶ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ የመብራቱን፣ የውሃውን፣ የተሰበረውን ቍልፍ ሁሉ ጉዳይ ብቻዋን ያዘች። ፊልም ለማየት ብቻዋን ስትገባ ሰው ዞር እያለ ያያት ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የእርሷ ትዕግሥት ቍጭ ብሎ መጠበቅ ሳይሆን በየዕለቱ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነበር። ትዕግሥት ያሰኘውም ዓይኗን ገልጣ የመረጠችው መሆኑ ነው። ምርጫ የሌለበት መቀመጥ ግን እስራት እንጂ ትዕግሥት ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፣ አይሳቱ ትዕግሥት አልጎደላትም። በብዙ ዓመት ጥረት የተገኘ ትምህርት፣ ያለ አባት አራት ልጆች ማሳደግ፣ በባዕድ አገር መኖር፣ ይህ ሁሉ ትዕግሥት ካልሆነ ትዕግሥት ምን ይባላል? ልዩነቱ ምን እንደምትታገሥ ማወቋ ላይ ነው። ድካምን ታገሠች፤ ብቸኝነትን ታገሠች፤ መዋረድን ግን አልታገሠችም። ሰው የሚታገሠውን ነገር መምረጥ መቻሉ ከነፍሱ ክብር የሚመጣ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የምናነሣት ቢንቱን ነው። ብዙ አንባቢ በዚህች ልጅ ላይ ይቈጣል፤ ትዳር አፍራሽ ይላታል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የከፋው በደል የደረሰው በማን ላይ ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ ቢንቱ ትመስለናለች። ራማቱላዬም አይሳቱም መምረጥ ችለዋል፤ ቢንቱ ግን ለመምረጥ ዕድሜዋም ጕልበቷም ሳይደርስ ተመረጠላት። እርሷም «ታገሺ» ተብላለች፤ ለእናትሽ ስትዪ፣ ለቤተሰብሽ ስትዪ ተብላለች። በልጅ ላይ የተጫነ እንዲህ ያለ ትዕግሥት በሌላ ስሙ ሽያጭ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ስለ ልጅቱ ትምህርት ከሁሉ አስቀድማ ያሰበችው፣ በዚሁ ጋብቻ ትዳሯ የፈረሰባት ሴት መሆኗ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህን ሁሉ ያደረጉት እኮ ሴቶች ናቸው፤ የሴት ጠላቷ ሴት ናት» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አክስት ናቡ ወጥመዱን ዘርግታለች፣ የቢንቱም እናት ልጇን ለውጣለች። ደራሲዋ ይህን አልሸሸገችም፣ እኛም አንሸሽገውም። ሆኖም ነገሩን እስከ ሥሩ እንመልከት። አክስት ናቡ ክብሯ ሁሉ በወንድ ልጇ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ነበረች፤ ለቢንቱ እናትም ከልጇ በቀር ከድህነት መውጫ መሰላል የሚሆናት አልነበረም። ምክንያቱን ማወቅ ጥፋቱን አይሽረውም፤ ግን ጥፋቱ ከየት እንደ በቀለ ያሳያል። ደግሞም የእነዚህ ሴቶች ተንኰል አንድ ሰው እንቢ ቢል ኖሮ ባዶ ሆኖ በቀረ ነበር። እንቢ ማለት ይችል የነበረው ማውዶ ነው፤ ሞዱ ነው። የተማሩ፣ የተከበሩ፣ በገዛ ፈቃዳቸው የሚንቀሳቀሱ ወንዶች ነበሩ። አንዱ በእናቱ አሳበበ፤ ሌላው በአምላክ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ሰዎቹ ለራማቱላዬ «የአምላክ ፈቃድ ነው» ሲሏት የተናገሩት ስለ አምላክ ነውን? አይደለም። የአንድን ሰው ምኞት በአምላክ ስም ሸፍነው አቀረቡላት። ይህም በእስልምና ላይ የሚነገር ነቀፋ ነው ብሎ የሚወስደው ካለ ተሳስቶአል፤ ደራሲዋም ባለ ታሪኳም አማኞች ናቸውና። ራማቱላዬ እስከ መጨረሻው ትጸልያለች፣ የኀዘኗን ወራትም በሥርዓቱ ትፈጽማለች። የተቈጣችው ሃይማኖቷን መሸፈኛ ባደረጉት ሰዎች ላይ ነው። ይህ ፈተና በማንኛውም ሃይማኖት ውስጥ ላለ ሰው የሚቀርብ ነው። እኛም ትዕግሥትን ስናስተምር ኢዮብን እንጠቅሳለን፤ ኢዮብ ግን ዝም አላለም። አምላኩን ሳይክድ ተከራከረ፣ ጠየቀ፣ አለቀሰ፣ ወዳጆቹ ያቀረቡለትንም የተዘጋጀ ማብራሪያ አልቀበልም አለ። በመጨረሻም አምላክ የተቈጣው በወዳጆቹ ላይ ነበር። ስለዚህ ትዕግሥትና ዝምታ አንድ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ከኢዮብ መጽሐፍ የተገኘ አይደለም።

ዝምታ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ደራሲዋ በአንዲት ሌላ ሴት ታሪክ አሳይታለች። ዣክሊን የምትባለው የአይቮሪኮስት ተወላጅና ፕሮቴስታንት ስትሆን፣ ሴኔጋላዊ አግብታ ወደ ዳካር መጥታለች። ባሏ በየጊዜው ከሌሎች ሴቶች ጋር ይዞራል፤ የባሏ ወገኖችም እንደ ባዕድ ይቈጥሯታል። ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ስትኖር ደረቷን አመማት። ከሐኪም ሐኪም ተመላለሰች፤ ተመረመረች፤ ምንም አልተገኘባትም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም አካሏ ጤነኛ መሆኑን፣ የታመመው ኑሮዋ መሆኑን በግልጽ ሲነግራት ነው መዳን የጀመረችው። አፍ ያልተናገረውን ደረት ተናገረው። እንግዲህ ቻዪው ብለን የምንመክር ሰዎች፣ የተቻለው ነገር ወዴት እንደሚገባ እናውቃለንን?

የራማቱላዬ ዝምታ የተፈታው ባሏ በሞተ በ40ኛው ቀን ነው። የሞዱ ወንድም ታምሲር መጥቶ፣ አንቺን የማገባሽ እኔ ነኝ አለ። አልጠየቃትም፤ አስታወቃት። በዚህ ጊዜ የ30 ዓመት ዝምታ በአንድ ቀን ፈረሰ። ያሉህን ሚስቶች ራስህ የማታስተዳድር፣ እነርሱ ለፍተው የሚያኖሩህ ሰው ነህ፤ እኔ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ አይደለሁም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠችው። ያንጊዜ መልእክት ይዘው የመጡት ሦስቱም ሰዎች በዚያ ነበሩና ሁሉም ሰሙ። ይህን ስናነብ ትዕግሥቷ አለቀ እንላለን? በእኛ አስተያየት ትዕግሥቷ ፍሬ ያፈራው በዚያች ቀን ነው። ትዕግሥት ሰውን ለእውነት ካላበቃው ምን ይረባል?

ይህ ብቻ ሳይሆን፣ ከታምሲር በኋላ ደግሞ ዳውዳ የሚባል መልካም ሰው መጣ። በወጣትነቷ ጠይቋት የነበረ፣ የተከበረ የምክር ቤት አባል፣ ሴቶችን በአክብሮት የሚያይ ሰው ነው። ለአንዲት የ12 ልጆች እናት ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣላታል? ጎረቤቷ ፋርማታም እሺ እንድትል አጥብቃ ትመኝ ነበር። ዳውዳ ግን ሚስትና ልጆች ነበሩት። ራማቱላዬ እንቢ አለች፤ በእርሷና በባሏ መካከል ሌላ ሴት በገባች ጊዜ የሆነችውን ታውቃለችና፣ ያንኑ ሕመም በሌላይቱ ሴት ላይ ማድረስ አልፈለገችም። ያችን ሴት ብዙም አታውቃት ይሆናል፤ ግን እንደ ራሷ አየቻት። ለእኛ የመጽሐፉ ከፍተኛው ቦታ ይህ ነው። የተበደለ ሰው ሁሉ ደግ አይሆንም፤ በደልን ተምሮ የሚበድል ብዙ ነው። እውነተኛውን ትዕግሥት ከውሸተኛው የምንለይበት መመዘኛም እዚህ ይገኛል። እውነተኛው ትዕግሥት የሌላውን ሥቃይ ያሳውቃል፤ ውሸተኛው ግን ቂም ያጠራቅማል፤ በመጨረሻም፣ እንደ አክስት ናቡ፣ ቂሙን በሌላ ላይ ያፈሳል።

አሁን ደግሞ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንመልከት። «ሁሉም ሰው እንደ አይሳቱ ቢሄድ፣ ወይም እንደ ራማቱላዬ ቢናገር፣ ቤተሰብ እንዴት ይቆማል? ትዳር እኮ መቻቻል ነው» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ትዳር መቻቻል መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ቃሉን በደንብ እናድምጠው፤ መቻቻል ማለት አንዱ ሌላውን መቻሉ፣ ሌላውም ይህን አንዱን መቻሉ ነው። አንደኛው ብቻ ሲችል መቻቻል አይባልም። የራማቱላዬን ቤት ያፈረሰው ማነው? እርሷ እስከ መጨረሻው በቤቷ ነበረች። ቤቱን ትቶ የወጣው፣ አስይዞም የተበደረበት ሞዱ ነው። የፈረሰውን ቤት ፈርሶአል ያለውን ሰው አፍራሽ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላው ደግሞ «ይህ ከአንድ በላይ ማግባት በተፈቀደበት አገር የሆነ ነገር ነው፤ እኛን አይመለከተንም» ይል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የሴኔጋል የቤተሰብ ሕግ ባልየው በጋብቻው ጊዜ አንድ ሚስት ወይስ ከአንድ በላይ የሚለውን ምርጫውን እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ጋብቻ በጸናበት ጊዜ ሌላ ጋብቻ መፈጸምን ይከለክላል፤ ለጋብቻም 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል ይላል። ሕጉ ከሕግ ይለያያል፤ በየቤቱ የሚነገረው «ቻዪው» ግን አንድ ነው። ሚስጥር በሆነ ቅምጥ፣ በአንድ ሰው ስም ብቻ በተጻፈ የቤት ካርታ፣ ለድህነት መውጫ ተብሎ በምትዳር ልጃገረድ የሚገለጠው በደል ድንበር አያውቅም።

ከሁለቱ ጓደኛሞችም የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። አይሳቱ ራሷ ሄዳ ሳለ ራማቱላዬን «አንቺስ ለምን አትሄጂም?» ብላ አልኰነነቻትም። ራማቱላዬም አይሳቱን ቤትሽን በትነሻል ብላ አልወቀሰቻትም። ራማቱላዬ ከልጆቿ ጋር በአውቶቡስ እየተጋፋች መመላለሷን አይሳቱ በሰማች ጊዜ ምክር አልላከችም፤ አዲስ ፊያት መኪና ገዝታ ላከችላት እንጂ። ራማቱላዬም በዚያ ዕድሜዋ እየፈራች መንዳት ተማረች። ለጓደኛ የሚሆነው እንዲህ ያለ ሰው ነው። የተቸገረው ሰው የመረጠውን መንገድ አክብሮ፣ በዚያው መንገድ ላይ የሚሄድበትን ያቀርብለታል። እኛ ብዙ ጊዜ ምክር እናበዛለን፤ ምክር ወጪ የለውምና።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገ በየቤተሰባችን አስታራቂዎችና መካሪዎች የምንሆነው እኛ ነን። አንዲትን ሴት፣ ወይም ማንንም የተበደለ ሰው፣ ታገሥ ከማለታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ይህ ሰው መምረጥ ይችላልን? እርሱ ቢታገሥ የሚጠቀመው ማነው? በዳዩስ ምን ተባለ፣ ማንስ ሄዶ ነገረው? ለራማቱላዬ ሦስት የተከበሩ ሰዎች መልእክት ይዘው መጡ፤ ወደ ሞዱ ሄዶ «ይህን አታድርግ» ያለ ግን በመጽሐፉ አላየንም። መልእክተኛ መሆን ቀላል ነው። አስቀድሞ ወደ በዳዩ መሄድ ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ከእኛም የሚጠበቀው እርሱ ነው።